ከሶፋ ወደ 5 ኪሎ ሜትር፦ «አንተ ደግሞ ምኑን ትሮጣለህ» ለተባለ ሰው የሚሆን የ9 ሳምንት ፕሮግራም፣ ከነእንከኑ

«ካውች ቱ ፋይቭ ኬ» የሚባለው የጀማሪዎች የሩጫ ፕሮግራም ነፃ ነው። 9 ሳምንት ይፈጃል፤ በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይጠይቃል። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከሶፋ ወደ 5 ኪሎ ሜትር» እንደማለት ነው። ብያኔውን ከፊት እናስቀምጠው፦ «አንተ ደግሞ ምኑን ትሮጣለህ» ሲባል ያደገና ውሎ አድሮ እሱም ያመነበት ሰው፣ በነፃ ከዚህ የተሻለ ነገር ማግኘቱ ያጠራጥራል። እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። ሦስት ቦታ ላይ ሰው ይጥላል። ሁለቱን ጀማሪው ራሱ በቀላሉ ያስተካክላቸዋል፤ ሦስተኛው ግን ስሙ ላይ የተለጠፈ ስለሆነ ቀድሞ ከማወቅ በቀር ሌላ መላ የለውም።

ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ1996 ያዘጋጀው ጆሽ ክላርክ ነው። ሲያዘጋጀው በሐሳቡ የነበሩት በሃምሳዎቹ ዕድሜ ክልል የነበሩት እናቱ ናቸው፤ ይህም ከሥራው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብዙ የሩጫ ልምምድ ከሯጭ ተነሥቶ ለጀማሪ የተቀነሰ ነው። ይሄኛው ግን ከማይሮጥ ሰው ተነሥቶ ወደ ላይ የተገነባ ነው። በኋላ የብሪታንያው ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ወስዶ በፖድካስት፣ ቀጥሎም በስልክ አፕ አቀረበው። ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው ይህ ቅጂ ስለሆነ እዚህ የምንጠቅሳቸው ደቂቃዎች የእሱ ናቸው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ተረቱ ግን ቀስ ማለት ስንት ሰከንድ እንደሆነ አይነግርም። የዚህ ፕሮግራም ዋናው ጥቅም እሱን ቆርጦ መናገሩ ነው። እያንዳንዱ ቀን በ5 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይጀምርና በ5 ደቂቃ ዘና ያለ እርምጃ ያልቃል፤ የሚቀያየረው መሐሉ ነው። በ1ኛው ሳምንት 60 ሰከንድ ሶምሶማ፣ 90 ሰከንድ እርምጃ፣ ይህ 8 ጊዜ። በ2ኛው 90 ሰከንድ ሶምሶማና 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 20 ደቂቃ ገደማ እስኪሞላ። በ3ኛው 90 ሰከንድ ሩጫ፣ 90 ሰከንድ እርምጃ፣ 3 ደቂቃ ሩጫ፣ 3 ደቂቃ እርምጃ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ መድገም። በ4ኛው 3 ደቂቃ ሩጫ፣ 90 ሰከንድ እርምጃ፣ 5 ደቂቃ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ ተኩል እርምጃ፣ እንደገና 3 ደቂቃ ሩጫ፣ 90 ሰከንድ እርምጃ፣ 5 ደቂቃ ሩጫ።

5ኛው ሳምንት ላይ ሦስቱ ቀናት መለያየት ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ቀን 5 ደቂቃ ሩጫ ሦስት ጊዜ ነው፣ በየመሐሉ 3 ደቂቃ እርምጃ አለው። ሁለተኛው 8 ደቂቃ ሩጫ፣ 5 ደቂቃ እርምጃ፣ 8 ደቂቃ ሩጫ ነው። ሦስተኛው ያለ ምንም እርምጃ 20 ደቂቃ ሩጫ። ስለዚህ ቀን ወደ ኋላ እንመለስበታለን። በ6ኛው ሳምንት እርምጃው ለሁለት ቀን ይመለሳል፦ መጀመሪያ 5፣ 8፣ 5 ደቂቃ ሩጫ፤ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ 10 ደቂቃ ሩጫ፤ በየመሐሉ 3 ደቂቃ እርምጃ። ሦስተኛው ቀን 25 ደቂቃ ሳያቋርጡ ነው። ከዚያ ወዲያ እርምጃ የለም፦ 7ኛው ሳምንት 25፣ 8ኛው 28፣ 9ኛው 30 ደቂቃ። በጠቅላላው 27 ቀን ነው።

ይህ 27 የሚለው ቁጥር ከሚመስለው በላይ ትርጉም አለው። ዝቅተኛ ግምት ሰውን የሚጎዳው በቃሉ ብቻ አይደለም፤ ተራ በመንሣት ነው። በትምህርት ቤት ስፖርት ክፍለ ጊዜ መጨረሻ የሚወጣው ልጅ ለቡድን ሲመረጥ መጨረሻ ይጠራል፤ አንዳንዴም «አንተ ልብስ ጠብቅ» ይባላል። ሌሎቹ በዓመት ውስጥ ብዙ ሰዓት ሲሮጡ እሱ ቁጭ ብሎ ያያል። በዓመቱ መጨረሻ ልዩነቱ ሰፍቶ ይገኛል፤ «አላልኳችሁም?» የሚለውም ትክክለኛ ይመስላል። የጎደለው ግን ተራው ነበር። ፕሮግራሙ ማንንም ሳያስፈቅድ 27 ተራ ይሰጣል፤ የመጀመሪያዎቹም ለመውደቅ እስኪያስቸግሩ ድረስ ትንሽ ተደርገው የተቆረጡ ናቸው።

በሩጫ ታሪክ ውስጥ ይህ ነገር በትልቁም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1928 በአምስተርዳም ኦሊምፒክ ሴቶች 800 ሜትር ከሮጡ በኋላ ርቀቱ ለሴት ይከብዳል ተብሎ ከኦሊምፒክ ወጣ፤ የተመለሰው በ1960 ሮም ላይ ነው። 32 ዓመት ሙሉ ማለት ነው። አሜሪካዊቷ ሯጭ ቦቢ ጊብ በ1966 የቦስተን ማራቶንን ለመሮጥ ስታመለክት የሴት ተፈጥሮ ያን ያህል ርቀት አይችልም የሚል መልስ ደረሳት። መነሻው አጠገብ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቃ ቆይታ ከሯጮቹ መሐል ገባች፤ በ3 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ40 ሰከንድም ጨረሰች። ቦስተን ሴቶችን በይፋ የተቀበለው በ1972 ነው፤ የሴቶች ማራቶን በኦሊምፒክ የተጀመረው ደግሞ በ1984። በእነዚህ ዓመታት መካከል የሴት ልብና ሳንባ አልተለወጠም።

ወደ ፕሮግራሙ እንመለስ። የመጀመሪያውን ቀን ጠጋ ብለን ብናየው ትልቁ ጉድለት እዚያው ይታያል። የ5 ደቂቃው እርምጃ ያልቅና «አሁን ሩጥ» ይባላል። ጀማሪው የሚያውቀው ሩጫ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፦ ትራንስፖርት ሊያመልጠው ሲል የሚሮጠው። ስለዚህ ይፈተለካል። 40ኛው ሰከንድ ላይ አፉ ይከፈታል፤ 60ኛው ላይ ይቆማል፤ 90 ሰከንዱ ትንፋሹን ሳይመልስለት ያልቃል። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይከብዳል፣ ሦስተኛው ይብሳል፤ አራተኛው ላይ ጎኑን ይወጋዋል፣ አምስተኛው ላይ ደግሞ ያ የድሮው ድምፅ «ድሮስ» ይላል። እዚህ ላይ የተሸነፈው ሰውየው አይደለም፣ ፍጥነቱ ነው። ፕሮግራሙ ስንት ደቂቃ እንደሚሮጥ በሰከንድ ቆርጦ ሲናገር ምን ያህል ቀስ ብሎ እንደሚሮጥ ግን በደንብ አይናገርም። ይህ የመጀመሪያው እንከን ነው። ከሦስቱም ብዙ ሰው የሚያስቀረው ይሄኛው ይመስለናል።

መፍትሔው ገንዘብም መሣሪያም አይፈልግም፦ እየሮጡ መናገር። ከ30 ሰከንድ በኋላ ድምፅ አውጥታችሁ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ ለምሳሌ «ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ነገ አርፋለሁ፣ ሐሙስ እመለሳለሁ» በሉ። ሳይቆራረጥ ከወጣ ፍጥነቱ ልክ ነው። በሁለት በሦስት ቃል ከተበጣጠሰ ቀንሱ። ፈጣን እርምጃ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ የጀማሪ ሶምሶማ በሰዓት 7 ወይም 7.5 ቢሆን ምንም ነውር የለበትም። አጠገባችሁ ፈጥኖ የሚራመድ ሰው ቢቀድማችሁም ይቅደም። እግሩ ከመሬት ዝቅ ብሎ የሚነሣ፣ እርምጃው አጭር፣ ትከሻው የላላ ሶምሶማ መሆን አለበት፤ ጣቶች ተጨብጠው ከተገኙ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። ጎን ሲወጋ መቆም የግድ አይደለም፦ ፍጥነት ቀንሶ ትንፋሽን እስከ መጨረሻው ማስወጣት፣ አየር ከማስገባቱ ይልቅ ማስወጣቱን ማስረዘም ብዙ ጊዜ ያላላዋል። ብዙ ምግብ ከተበላ ደግሞ 2 ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ስለ ትንፋሽ አንድ ነገር ማወቅ ብዙ ተስፋ መቁረጥን ያስቀራል። ማንኛውም ሰው፣ የዓለም ሻምፒዮንም ቢሆን፣ ከእርምጃ ወደ ሩጫ ሲሻገር ልቡና ሳንባው ጡንቻ የሚጠይቀውን ኦክስጅን ወዲያው አያደርሱም። ላልሠለጠነ ሰው ይህ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። በዚያ መሐል ያለው ማለክለክ የሽግግር ነው እንጂ የአቅም ልክ አይደለም። አሁን ሰንጠረዡን እንደገና ተመልከቱ። በ1ኛውና በ2ኛው ሳምንት ሩጫው 60 እና 90 ሰከንድ ነው። ጀማሪው ሁልጊዜ ከሽግግሩ ሳይወጣ ይቆማል፤ እንደገና ሲነሣ እንደገና ከመጀመሪያው ይገባል። «1 ደቂቃ እንዲህ ካደረገኝ 20 ደቂቃ ይገድለኛል» የሚለው ስሌት ስለዚህ የተሳሳተ ነው። ከ3ኛው ደቂቃ በኋላ ያለው ሩጫ፣ ፍጥነቱ ከተጠበቀ፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ ይልቅ የረጋ ነው። ይህን ግን ማንም በምክር አያምነውም፤ 3ኛው ሳምንት ላይ የ3 ደቂቃዋ ሩጫ ስትመጣ በራሱ እግር ይደርስበታል።

ሁለተኛው እንከን 4ኛው ሳምንት ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ 5ኛው ሳምንት 20 ደቂቃ ሲሆን ይሄኛው ሳይነገርለት ያልፋል። በቀን የሚሮጠውን ጠቅላላ ደቂቃ እንደምር። 1ኛው ሳምንት 8 ደቂቃ፣ 2ኛው 9፣ 3ኛውም 9። 4ኛው? 16። በአንድ ጊዜ ወደ እጥፍ ተጠግቷል። ትንፋሽ ይህን ሊሸከም ይችላል፤ ልብና ሳንባ በሳምንታት ውስጥ ይሻሻላሉ። ጅማትና አጥንት ግን ዘገምተኞች ናቸው፣ ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ 4ኛው ሳምንት ላይ ጀማሪው «ለካ እችላለሁ» ብሎ ደስ ባለው ሰሞን ቅልጥሙ ማመም ይጀምራል። በዚያ ላይ ደስታው ፍጥነት ይጨምርለታል።

የሚመከረው በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት መካከል አንድ ድልድይ ሳምንት ማስገባት ነው፦ 3 ደቂቃ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 4 ጊዜ። ጠቅላላው 20 ደቂቃ ሆኖ ሩጫው 12 ደቂቃ ይሆናል። 9፣ 12፣ 16 ከ9 ወደ 16 ከመዝለል ይሻላል። ፕሮግራሙ 10 ሳምንት ቢሆን የሚቆጣ የለም።

ሕመሙንም መለየት ያስፈልጋል። በሁለቱም እግር ባት ላይ ሰፋ ብሎ የሚሰማ፣ ሲነኩት የሚያም፣ የማሟሟቂያው እርምጃ ላይ የሚላላ፣ በሁለት ቀን የሚጠፋ ከሆነ የጡንቻ ነው፤ ያልለመደ ጡንቻ ያደርገዋል። በአንድ ጣት የሚጠቆም አንዲት ቦታ ላይ፣ በተለይ የቅልጥም አጥንት ላይ ከሆነ፣ በሮጡ ቁጥር ከባሰ፣ ተኝተውም ካልተወ፣ ወይም አረጋገጥን ካበላሸ ግን ሩጫው ይቁም፤ ሐኪም ይየው። «አልችልም ያሉኝን አሳያቸዋለሁ» ብሎ በእንዲህ ያለ ሕመም ላይ መሮጥ የ9 ሳምንቱን ነገር የብዙ ወር ያደርገዋል። በነገራችን ላይ ይህ እልህ ከስንፍና ያልተናነሰ ሰው ከፕሮግራሙ ያስወጣል።

አሁን ወደዚያች ቀን። 5ኛ ሳምንት፣ 3ኛ ቀን፣ 20 ደቂቃ። ባለፈው ቀን ሳይቆም የተሮጠው ረጅሙ 8 ደቂቃ ነበር፤ ከ8 ወደ 20 መዝለል የጽሕፈት ስሕተት ይመስላል። ጠቅላላውን ስናይ ግን ባለፈው ቀን የተሮጠው 16 ደቂቃ ነው። የተጨመረው 4 ደቂቃ ሲሆን የተነሣው ደግሞ መሐል ላይ የነበረው እርምጃ ነው። ይህ ዝላይ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል፣ ከፕሮግራሙም ምርጡ ክፍል ነው እንላለን። ሰውየው ስለ ራሱ የያዘው ግምትና እግሩ የሚያውቀው ነገር እዚህ ቀን ላይ ተራርቀው ይገኛሉ። ግምቱ ገና ሶፋው ላይ ነው፤ እግሩ ግን 14 ቀን ሠርቷል።

አሯሯጡ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል። ሜዳው ለጥ ያለ ይሁን። ክብ ከመዞር ይልቅ 10 ደቂቃ ወደ ፊት ሮጦ መመለስ ይሻላል፤ ግማሹ በዓይን ይታያል፣ ሲመለሱም መነሻው እየቀረበ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ካለፈው ቀን ዘገም ይበሉ፤ «ይሄማ ቀለለ» እስከሚያሰኝ ድረስ። አደገኛዋ 8ኛዋ ደቂቃ ናት፣ ባለፈው ቀን መራመድ የተፈቀደው እዚያ ላይ ነበርና ሰውነት ዕረፍቱን ይጠብቃል። እዚያ ላይ ዓረፍተ ነገሯን ድምፅ አውጥቶ መናገር ነው። ከወጣች ምንም የሚያስቆም ነገር የለም፤ ካልወጣች ፍጥነት መቀነስ እንጂ መቆም አይደለም። 10ኛው ላይ መዞር። ከ12 እስከ 16 ያሉት ደቂቃዎች አሰልቺ ናቸው፣ ከባድ ግን አይደሉም፤ ሁለቱን መለየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። መጨረሻው ላይ መፍጠን አያስፈልግም።

መሐል ላይ የቆመ ሰውስ? 60 ሰከንድ ይራመድና የቀረውን ይጨርስ። አንድ ወይም ሁለት ቀን አርፎ ያችኑ ቀን ይድገማት። ሳምንቱን በሙሉ ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግም፣ ወደ 1ኛው ሳምንት መመለስማ ጭራሽ። የቀረበት ልምምድ ከአንድ ሳምንት ካልበለጠ ካቆመበት ይቀጥላል። ሁለት ሳምንት ከሆነ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ይመለሳል። ፕሮግራሙ የጊዜ ገደብ የለውም፤ 27ቱን ቀን በ9 ሳምንትም በ14 ሳምንትም የጨረሰ ያው ጨርሷል።

ስለ አፑ ድምፅ ጥቂት እንበል። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰው «ይህን ማድረግ እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከአራት ምንጭ እንደሚቀዳ አስቀምጧል፦ ራሱ ሠርቶ ካሳካው፣ መሰሉ ሲያሳካ ካየው፣ ሰዎች ከሚሉት፣ ከገዛ ሰውነቱም ስሜት። ከአራቱ የሚጠነክረው የመጀመሪያው ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ ሰንጠረዡ በመጀመሪያው ምንጭ ሙሉ ማርክ ያገኛል። ድምፁ የሦስተኛው ነው፤ ደካማው ክፍልም እሱ ነው። «አሁን ሩጥ፣ አሁን ተራመድ» ማለቱ ይጠቅማል፣ ሰዓት ከማየት ይገላግላል። ግማሽ ላይ መድረስን ማብሠሩም ጥሩ ነው። ግን የተቀዳ ድምፅ ስለሆነ ብትቆሙም «ጎበዝ» ይላችኋል። ለዘመናት «አትችልም» ሲባል የኖረ ሰው ርካሽ ሙገሳን ከሩቅ ያውቃል፤ አንዳንዱን እንዲያውም ያናድደዋል። ድምፁ እንግሊዝኛ መሆኑም አለ። ቋንቋው ያልተመቸው ሰው አፑን መተው ይችላል፦ የሩጫና የዕረፍት ሰዓት የሚያስጮህ ማንኛውም የስልክ ሰዓት ቆጣሪ ላይ ከላይ ያሉትን ደቂቃዎች መሙላት ይበቃል።

ሁለተኛው ምንጭ፣ መሰልን ማየት፣ ፕሮግራሙ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ይህን ከውጭ መሙላት ነው። ፈጣን ሯጭ ጓደኛ ለዚህ አይሆንም፤ አብሮ ሮጦ ሳያውቀው ያስፈጥናል፣ ወይም በየመሐሉ ወደ ኋላ እየዞረ ያሸማቅቃል። የሚሻለው ሁለት ሳምንት የቀደመ ሌላ ጀማሪ ነው፤ 5ኛውን ሳምንት ገና ያለፈ ሰው ለ3ኛ ሳምንተኛ ከየትኛውም አሰልጣኝ በላይ ይታመናል።

ለማን ይነገር የሚለውም ቴክኒካዊ ጥያቄ ነው። ያንን ዝቅተኛ ግምት የሚሰጡት ሰዎች ብዙ ጊዜ ክፉዎች አይደሉም፤ እናት ናት «ትወድቂያለሽ፣ ተዪው» የምትለው፣ ወንድም ነው «ስንት ቀን ይቆያል?» ብሎ የሚስቀው። በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት የሚነገራቸው ነገር ባይኖር ይመረጣል፣ ማስረጃው ገና ቀጭን ነውና። ግድ ከሆነ ግብ ሳይሆን ሰዓት ይነገር፦ «5 ኪሎ ሜትር ልሮጥ ነው» ከማለት «ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ግማሽ ሰዓት አልኖርም» ማለት። በዚህ ላይ የሚስቅ የለም፤ የሚሳቀው ግቡ ሲሰማ ነው። «ሰው ያየኛል» የሚል ሰው ደግሞ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ይጀምር። ይህ ሽሽት አይደለም፤ በ60 ሰከንዷ ላይ ሐሳብን ለመሰብሰብ ነው። የሚታዘብ ዓይን ካለ ጀማሪ ሁልጊዜ ይፈጥናል፣ መፍጠን ምን እንደሚያመጣ ደግሞ አይተናል።

ሦስተኛው እንከን ስሙ ነው። ፕሮግራሙ የሚያልቀው በ30 ደቂቃ ሩጫ እንጂ በ5 ኪሎ ሜትር አይደለም። በ30 ደቂቃ 5 ኪሎ ሜትር ለመሸፈን አንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ፣ ማለትም በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር መሮጥ ያስፈልጋል። በሰዓት 7.5 የሚሮጥ ሰው በ30 ደቂቃ 3.75 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ 8 የሚሮጥ 4። 27ኛው ቀን ላይ ድምፁ እንኳን ደስ አለህ ሲል ስልኩ ላይ ያለው ካርታ 3.7 ያሳያል። 9 ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን ሳያጓድል የሠራ ሰው በዚያች ቁጥር «እኔማ ድሮም» ብሎ ሲያኮርፍ ማየት ያሳዝናል። የሌሎችን ግምት ጥሎ የወጣ ሰው በምርት ስም መያዝ አልነበረበትም። ስለዚህ እስከ 9ኛው ሳምንት መጨረሻ ኪሎ ሜትር የሚቆጥረውን አፕ ማጥፋት ይሻላል። ከዚያ በኋላ 5 ኪሎ ሜትር የሚፈልግ ሰው ከሳምንቱ ሦስት ቀን በአንዱ ላይ ብቻ 3 ደቂቃ ይጨምር፦ 33፣ 36፣ 39፣ ከዚያ 40። በሰዓት 7.5 የሚሮጥ ሰው 40 ደቂቃ ላይ 5 ኪሎ ሜትሩን ይደፍናል። ሁለቱ ቀናት 30 ደቂቃ ላይ ይቆዩ።

ዕቃ ብዙ አይፈልግም። ጫማ ላይ ግን አትሰስቱ፦ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ያለው፣ ተረከዝ የማያንሸራትት ይሁን። እግር ቀን ላይ ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ መለካት ይሻላል። ሶሉ ያለቀ አሮጌ ስኒከር የቅልጥምን ሕመም ሊያብስ ይችላል። ሴቶች ደግሞ ደህና የስፖርት ጡት ማስያዣ ከጫማው እኩል ያስፈልጋቸዋል። ስማርት ሰዓት ለዚህ ሥራ ትርፍ ነው፤ የልብ ምት ቁጥሩ ጀማሪን ያስደነግጣል እንጂ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም።

ከስማርት ሰዓቱ ይልቅ ደብተር ይያዝ። ሦስት ነገር ብቻ ይጻፍ፦ ቀኑ፣ የተሮጠው ጠቅላላ ደቂቃ፣ ዓረፍተ ነገሯ ወጥታ እንደሆነ። ለምሳሌ፦ «4ኛ ሳምንት፣ 2ኛ ቀን። 16 ደቂቃ። ወጣች፤ መጨረሻዋ 5 ደቂቃ ላይ ግን ተቆራረጠች። ግራ ባት ጠበቅ ብሏል።» «ጥሩ ነበር»፣ «መጥፎ ነበር» አይጻፍ። ይህ ፍርድ ነው፤ የሚፈለገው መረጃ ነው። «አትችልም» የሚለው ድምፅ ከውጭም ይምጣ ከውስጥ፣ 8፣ 9፣ 9፣ 12፣ 16፣ 20 ብለው ቁልቁል ከተደረደሩ ቁጥሮች ጋር ለመከራከር ይቸገራል።

ለሁሉም ሰው አይደለም። የልብ ሕመም ያለበት፣ በእንቅስቃሴ ጊዜ ደረቱን የሚያመው ወይም የሚያዞረው፣ ስኳር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ መገጣጠሚያው የታመመ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ያማክር። እየሮጡ ደረት ከያዘ ወይም ራስ ከዞረ ወዲያው ማቆም ነው፤ እዚህ ላይ እልህ ቦታ የለውም። 30 ደቂቃ ፈጥኖ መራመድ ለሚከብደው ሰው የመጀመሪያው ሳምንት ገና ነው፤ እርምጃውን ብቻ ለ3 ወይም ለ4 ሳምንት ይሥራና ይምጣ። ኳስ የሚጫወት ወይም አዘውትሮ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ደግሞ ትንፋሹ ዝግጁ ስለሆነ ከ3ኛው ሳምንት ልጀምር ሊል ይችላል። ቅልጥሙ ግን እንደማንም ጀማሪ ነውና ከ2ኛው ባያልፍ ይሻለዋል።

27ኛው ቀን ካለፈ በኋላ አንድ ቀን የ1ኛውን ሳምንት ልምምድ እንዳለች መድገም አይከፋም፦ ያው መንገድ፣ ያው 60 ሰከንድ፣ ያው 90 ሰከንድ፣ 8 ጊዜ። ሰዓቱ «አሁን ተራመድ» ብሎ ሲጮህ ብዙ ሰው ገና መሮጥ የጀመረ መስሎት ሰዓቱ እንደተበላሸ ያያል።